ሳልነግራት የሄድኩበት ቅዳሜ

ጓደኛዬን ካሜራ መያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ዛሬም ቢሆን ሰው እንዲያውቅልኝ ስለምፈልግ ነው።

አየር ጤና ፌርማታው አጠገብ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ሠርጉንም ምርቃቱንም የማነሳው እኔ ነበርኩ። እሷ የተቀጠረችው ጉርድ ፎቶ እንድትቆርጥና ስልክ እንድታነሳ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መቀሱ አልታዘዝ ብሏት ከፎቶው ላይ የሰው ጆሮ ስትቆርጥ ሰነበተች። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሊያሰናብቷት ሲሉ እኔ አሳያታለሁ፣ ትንሽ ይታገሱኝ አልኳቸው። አሳየኋት። መቁረጡን ስትለምድ ወደ ብርሃኑ፣ ወደ ሌንሱ፣ ጥላ ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ወደ ማሳየቱ አለፍኩ። አዲስ ካሜራ ስይዝ አሮጌውን እንድትለማመድበት አዋስኳት። ቶሎ ይገባት ነበር። ያኔ ይህ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ያደግኩት ቤቴል ሰፈር፣ ጴንጤ ቤተሰብ ውስጥ ነው። እሷ ኮልፌ ገበያው ጀርባ የተወለደች፣ ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች ልጅ ናት። እሁድ እሁድ አምልኮ ጨርሼ ስወጣ የቸርቹ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ ታክሲ ይዘን ኮልፌ እንወርዳለን። የምንሄደው የሚፈርስ ነገር ልናነሳ ነው። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ሠርግ ማንሳት ሰልችቶኝ፣ ሁሉም ሙሽራ አንድ ሰው እየመሰለኝ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮና ጭቃው ረግፎ ማገሩ የወጣ ግድግዳ ማንሳት ጀምሬ ነበር። ባለቤቱ ጥሎት የሄደ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ ቀለሙ የለቀቀ የሱቅ ጽሑፍ፣ ይፈርሳል ተብሎ በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገበት በር፣ እነዚህን ሳይ ልቤ ይመታ ነበር። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ሰፈሩ በየወሩ ይጎድላል። ባለፈው እሁድ ያየነው አጥር በሚቀጥለው እሁድ የለም።

የእኔ አሠራር እንዲህ ነበር። ካሜራዬን ማቆሚያው ላይ አስቀምጣለሁ፤ መስመሩን አስተካክላለሁ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ከፊቴ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። አንድ ግድግዳ ለማንሳት አንድ ሰዓት የቆምኩበት ቀን አለ። እሷ ግን እንደደረስን ሰላምታ ትጀምራለች። የማን ልጅ ነሽ ይሏታል፤ ትነግራቸዋለች፤ አያቷን የሚያውቅ ሰው ይገኛል፤ ስልጥኛው ይቀጥላል፤ ግቢ ትባላለች። እኔ ደጅ ቆሜ ፀሐዩ ሲዞርብኝ አያለሁ። ወጥታ ምን አነሳሽ ስላት ብዙ ጊዜ ምንም አላነሳሁም ትለኛለች። ስናወራ ነው የዋልነው ትላለች።

ጊዜዋን እያባከነች ነው ብዬ አስብ ነበር። እንዲያውም አዝንላት ነበር።

አንድ ሰኞ ጋሼ የሁለታችንንም ፎቶዎች አትመው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የእኔን አንድ በአንድ አዩና፣ ንጹሕ ሥራ ነው፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም አሉኝ። የእሷን ማየት ሲጀምሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጠርዝ ጠርገው መልሰው አደረጉት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጣሪያው በግማሽ በተነሳ ክፍል ውስጥ አልጋዋን የምታነጥፍ ሴት ነበር። ሰማዩ ይታያል፤ ሴትየዋ የአንሶላውን ጫፍ በጥንቃቄ ታጥፋለች። ጋሼ ወደ ጓዳው ሄደው ባለቤታቸውን ጠሩና፣ ነይ ይህን እይ አሏቸው። በእዚያ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ የእኔን ሥራ ለማሳየት ባለቤታቸውን ጠርተው አያውቁም።

ያን ዕለት የገባብኝ ነገር ስሙ ቅናት መሆኑን ወዲያው አላወቅሁም። 

ከሳምንት በኋላ ጋሼ የሴትየዋን ፎቶ አሳድገው ደጅ ካለው የማሳያ መስታወት ውስጥ ሰቀሉት። ቀድሞ እዚያ ቦታ ላይ የነበረችው እኔ ያነሳኋት ሙሽራ ናት። ሙሽራዋን አውርደው መሳቢያ ውስጥ ከተቷት። ጠዋት ጠዋት ቤቱን የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ በዚያ ፎቶ ፊት ሳላልፍ መግባት አልችልም። ከዚያ ወዲህ ያላደረግሁት ትንሽነት የለም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ ፎቶዎቿን እያሰፋሁ ፎከስ የሳተችበትን እፈልጋለሁ። ሳገኝ እፎይ እላለሁ። እሷ የለጠፈችውንና እኔ የለጠፍኩትን ስንት ሰው እንደወደደው አወዳድራለሁ። ሰው ሲያደንቃት እስኪጨርስ እጠብቅና፣ አዎ ጎበዝ ናት፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት እላለሁ።

ይህ በሆነ ሰሞን አንዲት ሴት የሰፈራችንን አሮጌ ቤቶች የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ቤቴል ካለ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ልታዘጋጅ ፈልጋ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣች። ያለንን ሁሉ አሳየናት። ከጓደኛዬ ፎቶዎች ዘጠኝ መረጠች። ከእኔ ሁለት። ሁለቱም ከመግቢያው በር ኋላ የሚሰቀሉ፣ በሩ ሲከፈት የሚሸፈኑ ሆኑ።

አሁን ስለ አናጢው ልናገር።

ኮልፌ ገበያው ጀርባ የእንጨት ሰገነት ያለው አንድ የጭቃ ፎቅ ቤት ነበር። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ ሙስሊም አናጢ ናቸው፤ ቤቱን በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከልጃቸውና ከልጃቸው ሚስት ጋር ይኖሩ ነበር። ጓደኛዬ ከእኚህ ሰው ጋር ለወራት ስትጫወት ከረመች፤ አባባ ትላቸዋለች። አንድም ቀን ግን አላነሳቻቸውም፤ እንዲህ አይደለም፣ ቆይ ይሏታል። የምወጣ ቀን በሩን ማንም እንዲሰብርብኝ አልፈልግም፤ ራሴ ነኝ የምነቅለው፤ ያኔ ከበሩ ጋር ታነሺኛለሽ ብለው ቃል አስገቧት። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ፎቶው በዓይኔ መጣብኝ፤ በሩን የተሸከሙት ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ክፍቱ ቤት። ለምን እሷ? አልኩ በሆዴ።

አንድ ሐሙስ የፎቶ ቤቱ ስልክ ጮኸ። የጓደኛዬ ሞባይል ተሰብሮ ጥገና ገብቶ ስለነበር ለአናጢው ቤት የሰጠቻቸው የእኛን ቁጥር ነው። እሷ በዚያ ሰዓት የታተመ የምርቃት ፎቶ ልታደርስ ቤቴል ሄዳ ነበር። የደወለችው የአናጢው ልጅ ሚስት ናት። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት የጭነት መኪና እንደሚመጣ፣ አባባ ለልጅቷ ንገሩልኝ እንዳሉ፣ እንዳትቀር አደራ እንዳሏት ነገረችኝ። እሺ፣ እነግራታለሁ አልኩ። በተበላሸ ጉርድ ፎቶ ጀርባ ላይ "ቅዳሜ ሁለት ሰዓት" ብዬ ጻፍኩና ኪሴ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ስለ ታክሲው ሰልፍ አማረረች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸች። የፈለገኝ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማንም የለም አልኳት። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። እየጠየቀችኝ ወረቀቱን በጣቴ እየነካሁት ነበር።

አርብም አብረን ዋልን። ምሳ አብረን በላን።

ቅዳሜ ከሁለት ሰዓት በፊት ደረስኩ። ዕቃው ደጅ ተደርድሯል፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያግዛል። አናጢው ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ቆባቸውን አድርገው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ካቻቢቴያቸው እጃቸው ላይ ነው። ሲያዩኝ አንገታቸውን ዘለግ አድርገው ከኋላዬ አዩ።

"ልጅቷስ?" አሉኝ።

"አልቻለችም አባባ።"

"አሟታል እንዴ?"

ይህን አላዘጋጀሁትም ነበር። እሳቸው ናቸው ያቀበሉኝ። "አዎ" አልኩ፣ "ትንሽ አሟታል።"

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እዚያው ዱዓ አደረጉላት። አጠገባቸው የነበሩትም አሚን አሉ። እኔ የሌንሱን ክዳን ፈልጌ ያጣሁ መስዬ ቦርሳዬ ውስጥ አቀረቀርኩ።

መኪናው መጣ። ዕቃው ተጫነ። ሾፌሩ እንሂድ እያለ ጡሩምባ ያሰማል፤ እሳቸው ግን አልተነሱም። ጥቂት እንቆይ፣ ምናልባት ከተሻላት ትመጣለች አሉ። ሁሉም ጠበቀ። በመጨረሻ ልጃቸው ቀስ ብሎ ትከሻቸውን ነካቸው። ተነሱና ብሎኖቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። የዛገውን ዘይት ያጠጡታል፤ ሲፈታ ብሎኑን ጀለቢያቸው ኪስ ውስጥ ያስቀምጡታል። በሩ ሲለቅ ክብደቱን በደረታቸው ተቀበሉት። ልጃቸው ሊያግዛቸው ቢልም አልፈለጉም። በሩን አቅፈው እንደቆሙ ፊታቸውን ወደ ታክሲው መንገድ አዞሩ። ያን ጊዜ አነሳሁ። ደጋግሜ አነሳሁ። አንድም ጊዜ እኔን አላዩም።

ሰኞ ጠዋት ጓደኛዬ ገርጥታ መጣች። እሁድ ብቻዋን ሄዳ ቤቱን ባዶውን፣ የበሩን ቦታ እንደ አፍ ተከፍቶ አግኝታዋለች። ሳይነግሩኝ ሄዱ አለች። አስቸኩሏቸው ይሆናል አልኳት። ከዚያ ፎቶውን አሳየኋት። ቅዳሜ ለሠርግ ፎቶ የሚሆን ቦታ ልይ ብዬ ወጥቼ በዚያ ሳልፍ በአጋጣሚ እንደደረስኩ፣ ልደውልላት ብዬ ስልኳ እንደሌለ ትዝ እንዳለኝ ነገርኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አልተደናቀፈም።

ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው።

"ማንን ነው የሚጠብቁት?" አለችኝ።

"ሾፌሩን መሰለኝ።"

"እንኳን አንቺ ደረስሽ" አለች። "ማንም ሳያነሳቸው ቢሄዱ ኖሮ ያንገበግበኝ ነበር።" አቀፈችኝም። ብትጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ፎቶውን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። ባለቤታቸውን ጠሩ። ያ ስመኘው የነበረው ደስታ መጣ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስም ቆየ። ኤግዚቢሽኑን የምታዘጋጀው ሴት እንዳየችው ከጓደኛዬ ዘጠኙ አንዱን አስወጥታ ይህን ፊት ለፊት እንደምትሰቅለው ነገረችኝ። የመክፈቻው ዕለት ሰው ሁሉ እዚያ ፎቶ ፊት ይቆም ነበር። ዓይናቸውን እይ፣ እንዴት እንዲህ እንዲያዩ አደረግሻቸው ብለው ጠየቁኝ። ጓደኛዬ ራቅ ብላ ቆማ ለሰው ታሳያለች፤ እሷ ናት ያነሳችው፣ አስተማሪዬ ናት ስትል ሰማኋት።

ኤግዚቢሽኑ ከተዘጋ በኋላ ነው የታወቀብኝ። አንዲት ሴት ለፓስፖርት እያነሳሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ ጓደኛዬ አነሳችው። አባባ ስትል ሰማሁ። ድምፅዋ በደስታ ከፍ አለ፤ ደህና ነኝ፣ ኧረ ደህና ነኝ አለች። ከዚያ አዳመጠች። አገጭዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ እላለሁ ለሴትየዋ፤ ጆሮዬ ግን ከስልኩ ጋር ነው። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ በስልኩ እንዲህ አለች፦ "አዎ አባባ፣ አሁን ተሽሎኛል። አልሐምዱሊላህ።"

ሴትየዋ እስክትሄድ ሁለታችንም ሥራችንን ሠራን። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠች።

"መቼ ነው የደወሉት?"

"ሐሙስ።"

"እኔ የት ነበርኩ?"

"ቤቴል። የምርቃት ፎቶ ልታደርሺ ሄደሽ።"

"ስመለስስ? ጠይቄሽ አልነበር?"

የሌንሱን ክዳን ገጠምኩ።

"ምን አድርጌሽ ነው?" አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ማወቅ ፈልጋ ነበር። እውነተኛው መልስ ከእኔ በለጥሽ የሚል ነበር። ያንን ማለት አልቻልኩም። "ምንም" አልኳት።

በማግስቱ ያዋስኳትን ካሜራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሌንሱን አጽድታዋለች፤ ማንጠልጠያውን ሳይቀር አጥባዋለች። ባትሪው ሙሉ ነው አለችኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጉርድ ፎቶ ቆረጠች፤ ደህና አደርሽ ደህና ዋይ እንባባላለን። ከመሄዷ በፊት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባባን ፎቶ አንድ ቅጂ። እሳቸው ይፈልጉታል አለች። በትልቁ አተምኩላት። አብሬሽ ልሂድ ስላት አይሆንም አለችኝ።

እሷ ከሄደች በኋላ እሁድ እሁድ ካሜራ ይዤ መውጣት ተውኩ። ጋሼ ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁኝም፤ የሰሙ ይመስለኛል። የአንሶላዋን ሴት ፎቶ ከመስታወቱ አላወረዱትም።

ክረምቱ ሲወጣ የአናጢውን አዲስ ቤት አድራሻ አጠያይቄ ሄድኩ። ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ደረጃውን ስወጣ ልናገር ያሰብኩትን እየደጋገምኩ ነበር። ከቤታቸው የነቀሉት በር እሳቸው ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከቤቱ በሮች ከአንዱም ጋር ልኩ አልገጠመም። ፎቶውን የልጃቸው ሚስት ሳሎን ውስጥ ሰቅላዋለች። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሐሙስን፣ ወረቀቱን፣ ሕመም ያልኩትን።

 ከዚያ ልጅቷ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ታውቃለች አልኳቸው።

"ለእኔ አልነገረችኝም" አሉ። ቀጥለውም፦ "አንቺን እኮ አልወድሽም ነበር። መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ ነበር። አባባ፣ ትንሽ ገባ ይበሉልኝ አልሽኝ። በገዛ ቤቴ ገባሁልሽ።"

ይህ ፈጽሞ ትዝ አላለኝም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሺ አሉ፤ እንደ ደንቡ። ሻይ መጣ፤ ጠጣሁ፤ ደህና ሁኚ ብለው እስከ ደረጃው ሸኙኝ። ቤቴ ስገባ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የድሮዎቹን ፎቶዎች ፈለግኩ። አገኘሁት። መስመሩ የተስተካከለ፣ ብርሃኑ ጥሩ የሆነ የእንጨት ሰገነት። መሃሉ ላይ አንድ ባዶ ወንበር አለ።

ከሁለት ወር በፊት ጓደኛዬ ዘነበወርቅ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ የራሷን ኤግዚቢሽን እንደከፈተች ሰማሁ። ለብዙ ቀን አልሄድም አልኩ። በመጨረሻው ቀን፣ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ሄድኩ። እንደ ልማዴ ስህተት ፍለጋ ነው የጀመርኩት። አራተኛው ፎቶ ላይ አገኘሁ። አንዲት አሮጊት በሚፈርስ ቤታቸው ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፎቶው ግን ወደ ቀኝ ጋደል ብሏል። ከጀማሪ ሥራ ላይ ቀድሜ የማርመው ስህተት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ወዲያው እሷ ገባች። ከስታለች፤ ያምርባታል። መጣሽ አለችኝ፤ መጣሁ አልኳት። ስለ ጋሼ ጤና ጠየቀችኝ፤ ስለ እናቷ ጠየቅኳት። ከዚያ እንዴት አየሽው አለችኝ።

"አራተኛው ጋደል ብሏል" አልኳት።

ዞራ አየችው። "ፎቶው አይደለም" አለች። "ቤቱ ነው። ወለሉ በአንድ በኩል ሰምጧል። አልጋው እንዳይንሸራተት እግሩ ሥር ጡብ አድርገውበታል፤ ያውልሽ።"

ቀርቤ አየሁ። ጡቡ አለ። ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ ፎከሱ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ስህተት ስፈልግ አላየሁትም ነበር።

አዳራሹን ሲዘጉ አብረን ወጣን። ፌርማታው ድረስ ብዙ አላወራንም። የመጣው ታክሲ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚቀበለው። አንቺ ሂጂ፣ አንቺ ሂጂ ስንባባል ረዳቱ ተበሳጨ። እሷ ገባች። በመስኮቱ እጇን አነሳችልኝ፤ አነሳሁላት። ቀጣዩ ታክሲ እስኪመጣ እዚያው ቆሜ ስለዚያ ጡብ እያሰብኩ ቀናሁባት።